ጠያቂ በር ሲያንኳኳ፦ ለቆጠራና ለጥናት መጠይቅ እንዴት ይመለሳል?

መሀል አዲስ አበባ ውስጥ ታብሌት ወይም ፎርም የያዘ ሰው ግቢ ሲገባ መጀመሪያ የሚታሰበው «ሊያፈርሱት ነው» የሚል ነው፤ ቀጥሎ ግብር፣ ከዚያ ደባል ፍለጋ። ጥርጣሬው ከመሬት ተነስቶ የመጣ አይደለም። አዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን ከወረሰ ወዲህ በዚህ ከተማ የቤት ምዝገባ ወረቀት ላይ ብቻ የሚቀር ነገር ሆኖ አያውቅም። ፒያሳና ካዛንቺስ ለኮሪደር ልማት ሲነሱ ያየ ሰው «ስንት ክፍል አላችሁ?» ሲባል ቢደነግጥ አይፈረድበትም። በሌላውም ዓለም ቢሆን ቆጠራን መፍራት የአላዋቂ ጠባይ አይደለም። የአሜሪካ ቆጠራ ቢሮ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የጃፓን ተወላጆች የት የት እንደሚኖሩ የሚያሳይ መረጃ ለጦሩ ሰጥቷል። የጀርመን ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በ1983 ታስቦ የነበረውን ቆጠራ አግዶ፣ ሰው በራሱ መረጃ ላይ የመወሰን መብት እንዳለው ፈርዷል።

ስህተቱ ሁሉንም ጠያቂ በአንድ ዓይን ማየቱ ላይ ነው። ሊጎዳን ለማይችለው እንዋሻለን፤ ሊጎዳን ለሚችለው ደግሞ ሳናነብ እንፈርማለን።

መጀመሪያ የመጣው ማን እንደሆነ ይለይ

በር የሚያንኳኩት ሦስት ዓይነት ናቸው። አንዱ ለስታቲስቲክስ የሚጠይቅ ነው፤ ይህን ሥራ በዋናነት የሚሠራው እስከ 2014 ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ ይባል የነበረው የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት ነው። ሁለተኛው ለአስተዳደር የሚመዘግብ ነው፦ ለነዋሪነት፣ ለቤት ኪራይ ውል፣ ለጣሪያና ግድግዳ ግብር፣ ለልማት ተነሺ ልየታ፣ ለሴፍቲኔት። ሦስተኛው አጭበርባሪ ነው።

የመጀመሪያው ስማችሁን የሚጽፈው የቤቱን ሰው አንድ በአንድ ሲቆጥር እንዳይዘል ወይም እንዳይደግም ነው። ውጤቱ ሲወጣ የሚታየው ድምር ብቻ ነው። የሁለተኛው ፎርም ግን ያለ ስማችሁ ዋጋ የለውም፤ ተመልሶ ስለ እናንተ ውሳኔ የሚሰጥበት ፋይል ነው። የቤት ካርታ፣ የኪራይ ውል ወይም የመታወቂያ ኮፒ ከተጠየቃችሁ፣ ወይም ስለ ንብረታችሁ የተሞላ ወረቀት ላይ ፈርሙ ከተባላችሁ፣ ያመጣው ሰው «ጥናት ነው» ቢልም ምዝገባ ነው።

ምዝገባ መጥፎ ነው ማለት አይደለም። እንዲያውም በልማት ተነሺ ልየታ ላይ አለመመዝገብ ምትክ ቤት ወይም ካሳ ሊያሳጣ ይችላል። ጥንቃቄው ግን ሌላ ነው። የቤቱ ስፋት ሲለካ አብራችሁ ቁሙ፣ የተጻፈውን ቁጥር ራሳችሁ አንብቡ፣ ባዶ በቀሩ መስመሮች ላይ ሰረዝ አስደርጉ፣ ከመፈረማችሁ በፊት እያንዳንዱን ገጽ በስልክ ፎቶ አንሱ። የተሳሳተ ነገር ካለ እዚያው «በዚህ አልስማማም» ብሎ ከፊርማ አጠገብ መጻፍ ኋላ ለሚቀርብ አቤቱታ ይረዳል፤ አዋጅ ቁጥር 1161/2011 የካሳ አቤቱታ የሚቀርብበትን መንገድ አስቀምጧል። ከዚህ በታች ያለው በአብዛኛው ስለ መጀመሪያው ዓይነት ጠያቂ ነው።

«ለምን እኔን ብቻ?»

ይህ ጥያቄ ብዙ ጠብ ያስነሳል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 103 የሕዝብ ቆጠራ በየአሥር ዓመቱ እንዲደረግ ይላል፤ በተግባር የተካሄዱት ግን በ1976፣ በ1987 እና በ1999 ናቸው። አራተኛው በ2010 ሊሆን ታስቦ ተደጋግሞ ተራዘመ። ስለዚህ በእነዚህ ዓመታት በር ያንኳኳ የስታቲስቲክስ ሰው ብዙውን ጊዜ የመጣው ለናሙና ጥናት ነው። ልዩነቱ ቀላል ነው፦ ቆጠራ የሁሉንም በር ያንኳኳል፣ ከሳምንታት በፊትም በሬዲዮና በቴሌቪዥን ይለፈፋል፤ ናሙና ጥናት የሚገባው በጥቂት ቤቶች ነው። ለምሳሌ በ2008ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በየናሙና ቦታው 28 ቤተሰብ ብቻ ነበር የተመረጠው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። መጀመሪያ አንድ ቡድን መጥቶ በቦታው ያለውን ቤተሰብ ሁሉ ይዘረዝራል፤ በሩ ወይም መቃኑ ላይ በጠመኔ ወይም በማርከር ቁጥር ይጽፋል። ከዝርዝሩ ላይ በተወሰነ ርቀት እየተዘለለ ቤት ይመረጣል። ከዚያ ጠያቂው የተመረጡትን ፈልጎ ይመጣል። ለዚህ ነው ሰዎቹ ሁለት ጊዜ የሚመጡት፤ ለዚህ ነው ጎረቤት ሳይጠየቅ እናንተ የምትጠየቁት። «እኔን ተወኝና ከጎኔ ያለውን ጠይቅ» ቢባል ጠያቂው አይችልም፤ በራሱ ፈቃድ ቤት ከለወጠ ናሙናው ይበላሻል። እቤት ካላገኛችሁም ደጋግሞ ይመለሳል፤ ሦስት ጊዜ መመላለስ የተለመደ ነው። እየተከታተላችሁ አይደለም። በሩ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ደግሞ ሥራው ሳያልቅ አታጥፉት። በሚፈርስ ቤት ላይ በቀለም ከሚደረግ ምልክት ጋር እያምታቱ የሚያጥቡት አሉ፤ የታጠበ ቤት ወይ ይዘለላል ወይ ሁለት ጊዜ ይቆጠራል።

በአምስት ደቂቃ ማጣራት

ባጁን አስወጥታችሁ አንብቡ፦ ፎቶ፣ ሙሉ ስም፣ የመሥሪያ ቤቱ ስም። በቆጠራና በትልልቅ ጥናቶች የሚቀጠሩት አብዛኞቹ ጊዜያዊ ሠራተኞች ስለሆኑ ባጁ የወረቀት ቢሆን ብቻውን አያስጠረጥርም። የሚያስጠረጥረው ደብዳቤ አለመኖሩ ነው። መረጃ ሰብሳቢ ለክፍለ ከተማና ለወረዳ የተጻፈ የትብብር ደብዳቤ ይዞ ይንቀሳቀሳል። የደብዳቤውን ቁጥርና ቀን፣ ክብ ማህተሙን፣ የፈረመውን ሰው ስምና ኃላፊነት የያዘውን ቲተር፣ ከታች ያለውን ግልባጭ ተመልከቱ። ደብዳቤው የጥናቱን ስም መጥቀስ አለበት፤ «ለተለያዩ መረጃዎች» ብሎ የሚያልፍ ደብዳቤ ይዞ የመጣ ሰው ውጭ ይቆይ።

ከዚያ ወረዳ ደውሉ፣ ቅርብ ከሆነ ልጅ ላኩ። መደወያው ደብዳቤው ላይ ያለው ቁጥር መሆን የለበትም፤ ሐሰተኛ ደብዳቤ የሠራ ሰው የራሱን ስልክ ከመጻፍ አይመለስም። «ወንድሜ፣ አትቀየመኝ፣ ወረዳ ላጣራና ከሰዓት ተመለስ» ማለት ነውር የለውም፤ ሥራውን የሚያውቅ ጠያቂ ቀጠሮ ይዞ ይሄዳል። የሚጣደፍ፣ «ዛሬ ካልመለሳችሁ ትቀጣላችሁ» ወይም «ዛሬ ከተመዘገባችሁ እርዳታ አለ» የሚል ሰው ግን በሁለቱም መንገድ ያስጠረጥራል።

በስልክ የሚደረጉ እውነተኛ ጥናቶችም አሉ። ደዋዩ የጥናቱን ስምና የአስተባባሪውን ስም ይንገራችሁ፤ ዝጉና አጣርታችሁ ሌላ ቀን መልሱ።

ግቢውን ከሰሚ ማጽዳት

ሰው የሚፈራው ታብሌቱ ውስጥ የገባው መልስ ወዴት እንደሚሄድ ነው። በመሀል ከተማ ግን ሚስጥር ቶሎ የሚወጣው ከታብሌቱ አይደለም። በጋራ ግቢ፣ በጋራ ቧንቧና በጋራ መጸዳጃ በሚኖርበት ሠራተኛ ሰፈር ወይም ጌጃ ሰፈር፣ ደጅ ላይ ቆሞ «ኪራይ ስንት ትከፍላላችሁ?» ለሚል ጥያቄ የሚሰጠውን መልስ አከራይም፣ ጎረቤትም፣ ልብስ የምታጥበውም ይሰማሉ። ጠያቂው ሕግ አክብሮ ዝም ቢል እነሱ ዝም የማለት ግዴታ የለባቸውም።

ከሁሉ በላይ መታየት ያለበት መንገድ መሪው ነው። ጠያቂዎች ሰፈሩን ስለማያውቁ ከወረዳ ወይም ከብሎክ አንድ ሰው ተመድቦ ቤት ያሳያቸዋል። የሱ ሥራ በሩ ላይ ያልቃል። እሱ ራሱ ነገ ለነዋሪነት፣ ለቤት ወይም ለሴፍቲኔት ጉዳያችሁ አስተያየት የሚሰጥ ሰው ሊሆን ይችላል፤ ተቀምጦ የሚያዳምጥ ከሆነ መረጃው ለስታቲስቲክስ ብቻ ይውላል የሚለው ተስፋ እዚያው ፈረሰ። ስለዚህ ጥያቄው ሳይጀመር «እናንተ ብቻ ግቡ፣ አቶ እገሌ ይቅርታ፣ ሲያልቅ እንጠራዎታለን» በሉ። ጠያቂው ይህን ሊቃወም አይገባም፤ በመመሪያውም ቃለ መጠይቅ ብቻ ለብቻ ነው። መንገድ መሪው አልወጣም ካለ መልስ አትጀምሩ፤ ጠያቂው ተቆጣጣሪውን እንዲጠራ ጠይቁ።

አከራይ ከተከራይ፣ ተከራይም ከደባል ፊት አይጠየቅ። ሴቶች ስለ ወሊድ ወይም ስለ ቤት ውስጥ ጥቃት ሲጠየቁ ባልም አማትም ይውጡ። ቤቱ አንድ ክፍል ከሆነ ከግቢው ጥግ ዱካ ይዞ መቀመጥ ይበቃል፤ ድምፅ ዝቅ ይበል።

ጥያቄዎቹ

የቤተሰብ ዝርዝር። ብዙ ስህተት ያለው እዚህ ነው። በስታቲስቲክስ ቤተሰብ የሚባለው በዝምድና የተሳሰረ ብቻ ሳይሆን አብሮ የሚኖርና ከአንድ ማዕድ የሚበላ ነው። እቤት የምታድር የቤት ሠራተኛ ትቆጠራለች። ማታ ግቢ ውስጥ የሚያድር ዘበኛ፣ የሦስት ቀን ሕፃን፣ አልጋ ላይ ያሉ አያት፣ ከገጠር መጥቶ የሚማር የእህት ልጅ ይቆጠራሉ። ዓረብ አገር ሄዳ ከዓመት በላይ የቆየች ልጅ አትቆጠርም፤ ስለ እሷ ለብቻ ሊጠየቅ ይችላል። ለሌላው መለኪያው አብዛኛውን ጊዜ ስድስት ወር መኖር ወይም ለመኖር ማሰብ ነው። ምግቡን ለብቻው የሚያበስል ደባል የራሱ ቤተሰብ ሆኖ ይጻፋል። ብዙ የቀበሌ ቤት ተከራይ ደባሉን የሚደብቀው ውሉ እንዳይፈርስ ፈርቶ ነው። ፍርሃቱ ይገባል፤ ነገር ግን ሦስት ሺህ ቤት ሁለት ሁለት ሰው ሲደብቅ ስድስት ሺህ ሰው ውሃ የማይጠጣ፣ መጸዳጃ የማይጠቀም፣ ትምህርት ቤት የማያስፈልገው ሆኖ ይቀራል። የዛሬ ጥያቄው ለስታቲስቲክስ መሆኑን አጣርታችሁ ግቢውን ካጸዳችሁ ደባልን መናገር አይጎዳም። መንገድ መሪው አጠገብ ከተቀመጠ ግን መልሱን አቆዩት።

ዕድሜ። «ሃምሳ ይሆነኛል» አትበሉ። ዕድሜን ወደ 0 እና ወደ 5 ማጠጋጋት በአገራችን መረጃ ውስጥ በግልጽ የሚታይ ጉድለት ነው፤ አርባና ሃምሳ ላይ ሰው ተከምሮ አርባ አንድና አርባ ዘጠኝ ላይ ባዶ ይሆናል። የልደት ምስክር ወረቀት ወይም የክርስትና ካርድ ካለ አውጡ። ከሌለ በክስተት አስሉ፦ በ1966 አብዮት ልጅ ነበሩ ወይስ ሥራ ይዘው ነበር? በ1977 ድርቅ? ኢሕአዴግ ግንቦት 1983 ሲገባ የመጀመሪያ ልጅ ተወልዶ ነበር? ለእማማ ዕድሜ ሦስት እንዲህ ያለ ጥያቄ ይበቃል።

ብሔርና ሃይማኖት። በዚህች አገር ቀላል ጥያቄ አይደለም፤ ቀላል ነው የሚል ጠያቂ ሥራውን አያውቅም። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም እነዚህን ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹ መረጃዎች መድቧቸዋል። የሚጻፈው ተጠያቂው ስለ ራሱ ያለው ብቻ ነው። ጠያቂ ከስም፣ ከአነጋገር ወይም ከአንገት ማተብ ተነስቶ መሙላት አይችልም፤ ስትመልሱ ሳይሰማ የሞላ ከመሰላችሁ «ምን ጻፍክ? አንብብልኝ» በሉ። አባትና እናት ከሁለት ወገን የሆኑ ልጆች ምን እንደሚባሉ ቤተሰቡ ቀድሞ ይነጋገር፤ ጠያቂ ፊት መከራከር አያስፈልግም። መመለስ ካልፈለጋችሁ «ይህን አልመልስም» በሉና እንደዚያው እንዲመዘገብ አድርጉ። ሐሰት ከመናገር ይህ ይሻላል፤ ያልተመለሰ ጥያቄ ስንት እንደሆነ ይታወቃል፣ ሐሰቱ ግን ከእውነቱ ጋር ተደባልቆ ይቀራል። የ1999ኙ ቆጠራ የአማራ ክልልን ቁጥር ከትንበያው በ2.4 ሚሊዮን ገደማ ዝቅ አድርጎ በማሳየቱ ጉዳዩ ተወካዮች ምክር ቤት ደርሶ አከራክሯል። ቁጥር አንዴ እምነት ካጣ እንደገና ቆሞ አይሄድም።

ቤት። ግድግዳው ጭቃ ነው ብሎኬት፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ መጸዳጃው የግል ወይስ የጋራ፣ ባለቤቱ ማን ነው የሚሉ ጥያቄዎች በቆጠራም በጥናትም አሉ። ያያችሁትን መልሱ። ከወረዳ የተከራያችሁት የቀበሌ ቤት ከሆነ የቀበሌ ቤት በሉ፤ ከፌዴራል ቤቶች ኮርፖሬሽን ከሆነ እሱን ለይታችሁ ተናገሩ፤ ሁለቱን «የመንግሥት» ብሎ ማለፍ የተለመደ ስህተት ነው። ራሳችሁ ጨምራችሁ የሠራችሁትን ክፍልም ቁጠሩ። የጥናት ሰው ካርታ አይጠይቅም፣ በሜትር አይለካም፤ ከለካ «መጀመሪያ የመጣው ማን እንደሆነ ይለይ» ወዳልነው ተመለሱና ማን እንደሆነ እንደገና ጠይቁ።

ኪራይ። የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውል በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ ካዘዘ ወዲህ ብዙ ተከራይ ውሉ ላይ ያለውንና በእጁ የሚሰጠውን ሁለት ቁጥር ይዞ ይኖራል። ለስታቲስቲክስ የሚፈለገው በእርግጥ ከኪስ የወጣው ነው፤ የዋጋ ግሽበት የሚሰላው በእሱ ነው። ይህን መናገር ካስፈራችሁ ዝለሉት እንጂ የውሉን ቁጥር እውነት ነው ብላችሁ አትስጡ።

ገቢና ወጪ። የሚጠየቀው ከወር ደመወዝ ይልቅ ባለፉት ሰባት ቀናት የተበላው ነው። ቲማቲም በመደብ ከገዛችሁ በመደብ ተናገሩ፣ ዋጋውን ጨምሩ፤ ጠያቂው ወደ ኪሎ ይቀይረው። ዘይት በሊትር፣ ጤፍ በኪሎ፣ እንጀራ የምትገዙ ከሆነ በቁጥር። የዕድርና የዕቁብ መዋጮ አይረሳ። ሴፍቲኔት ለመግባት ድሃ መስሎ መታየት የሚፈልግም፣ ግብር ፈርቶ የሚደብቅም አለ፤ ሁለቱም በከንቱ ይደክማሉ፤ የሴፍቲኔት ልየታ የሚሠራው በወረዳ በኩል ነው፣ ግብርም ከዚህ መጠይቅ አይመጣም።

ደም፣ ቦታና ስልክ

የጤና ጥናት ላይ ለደም ማነስ የጣት ደም ሊወሰድ ይችላል፤ በ2008ቱ ጥናት ለኤችአይቪ ምርመራም ተወስዷል። ያለ ፈቃዳችሁ አይወሰድም። መጠይቁን መልሶ ደሙን እምቢ ማለት ይቻላል፤ ለልጅ የሚፈቅደው ወላጅ ነው። ጣት የሚወጋበት መርፌ (ላንሴት) ከእሽጉ ዓይናችሁ እያየ ይውጣ፣ ቱቦ ወይም ወረቀቱ ላይ ስም ሳይሆን ባርኮድ ይለጠፍ።

ታብሌቱ የቤቱን መገኛ በጂፒኤስ ሊይዝ ይችላል። የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መረጃ ለተመራማሪ ሲሰጥ ስም የለበትም፤ በከተማ ያለ የናሙና ቦታ ነጥብም ሆን ተብሎ እስከ 2 ኪሎ ሜትር ይዛነፋል። ስልክ ቁጥር የሚጠየቀው ለማጣራት ነው፤ ካልፈለጋችሁ አትስጡ።

ፈጽሞ የማይሰጥ

የባንክ ሒሳብ ቁጥር፣ የቴሌብር የሚስጥር ቁጥር፣ በስልካችሁ የገባ ማረጋገጫ ኮድ፣ በቴሌግራም የሚላክ የመታወቂያ ፎቶ። አንድም የቆጠራ ወይም የጥናት መጠይቅ እነዚህን አይፈልግም። የፋይዳ ቁጥርም እንዲሁ፦ ፋይዳ የራሱ ምዝገባ አለው፤ ስም፣ የትውልድ ቀን፣ ጾታ፣ አድራሻ፣ የአሥር ጣት አሻራ፣ የሁለት ዓይን አይሪስና የፊት ፎቶ ይወስዳል፤ ብሔርና ሃይማኖት አይጠይቅም። «የፋይዳ ቆጠራ ነው፣ የመጣልህን ኮድ ንገረኝ» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ኮዱን መንገር መረጃችሁን ለሌላ ወገን ለማሳየት መፍቀድ ነው።

ሲያልቅ

ጠያቂው ከመነሳቱ በፊት የቤተሰቡን ዝርዝር ከላይ እስከ ታች ያንብብላችሁ፤ ስምና ዕድሜ ብቻ ማስነበብ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፣ ስህተትም እዚያው ይታረማል። የጠያቂውን ስም፣ የባጅ ቁጥሩን፣ የተቆጣጣሪውን ስም፣ የደብዳቤውን ቁጥርና ቀኑን ጻፉ። ከቀናት በኋላ ሌላ ሰው መጥቶ ጥቂት ጥያቄ ቢደግም አትደንግጡ፤ ተቆጣጣሪዎች ጠያቂው በእርግጥ መምጣቱን እንዲህ ነው የሚያጣሩት። እሱም ባጅ ያሳይ።

የሰጣችሁት መልስ ሰፈር ውስጥ ሲወራ ከሰማችሁ መጀመሪያ ለስታቲስቲክስ አገልግሎቱ በጽሑፍ አመልክቱ፤ ማመልከቻውን መዝገብ ቤት አስገብታችሁ በኮፒው ላይ ገቢ የሆነበትን ቁጥርና ማህተም አስደርጉ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጁን የሚያስፈጽመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው፤ የአስተዳደር በደል ከሆነ የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አለ። የጻፋችሁት ስም፣ ቁጥርና ቀን ከሌለ ግን የትኛውም ቢሮ ማንን እንደሚጠይቅ አያውቅም።